ይለፍ

ኮልቻኔ ላይ ነው፣ ነፋስ ቆርቆሮውን ከሚያስጮኽበት፣
ሰማይ ዝቅ ብሎ የኬላውን ጣራ ከሚጫንበት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣
የሰው መንገድ ቆረጥሁ፣ ማኅተም በቀኝ ጨብጬ።

ከኋላዬ ቺሌ፣ ከፊቴ ቦሊቪያ፣
በመሃል የዛገ የብረት መዝጊያ፤
ከዚያ ወዲያማ ሣሩም አንድ ሣር፣
ጠጠሩም አንድ ጠጠር።
የግመል ዘመድ ላማዎች ወዲያ ግጠው ሲመለሱ፣
«የጉዞው ዓላማ?» የተባለ የለም ከነሱ።
አያቴም ጨው ጭነው በዚሁ ሲያልፉ ኖረዋል፤
ማን ጠየቃቸውና! ተራራው ያውቃቸዋል።
እኔ የልጅ ልጃቸው፣ የመንግሥት ኮት ለብሼ፣
እሳቸው ባለፉበት በር ሆንሁ ተመልሼ።

ስንቱን አየሁ መሰላችሁ!
መቀሱን በመሀረብ የጠቀለለ ፀጉር አስተካካይ፣
ዲፕሎማዋን በላስቲክ ያሸገች ነርስ፣ ዝናብ እንዳያገኘው ከላይ፣
አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ ፓስፖርት ስጠይቀው፣
የመብራት ደረሰኝ አወጣ፣ ለሸጠው ቤት የከፈለው፤
«ይኸው፣ ዕዳ የለብኝም» አለ፣
ሰው ለመሆን ማስረጃ ነው ብሎ፣
እንደ ጸሎት መጽሐፍ ዘርግቶ አስተካክሎ።

ፍራፍሬ ክልክል ነው፣ ትል ያስገባል ይላል ሕጉ፤
የአንዲት ልጅ ጣት ከማንጎዋ አላቀቅሁ፣ ዓይኖቿ እናቷን ሲፈልጉ።
መዝገቡ ላይ «ተቃጥሏል» ብዬ ፈረምሁ፤
መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ በላሁ።
ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። ደግሞም ጣፈጠኝ።
ይኽን ለሚስቴም አልነገርኋት፤ ዛሬ መደበቁ ታከተኝ።

ክፉ ብቻ ነበርሁ አልልም።
ሁለት ልጃገረዶች «አጎታችን ነው» ያሉት ሰውዬ፣
ስማቸውን ብጠይቀው ላብ አጠመቀው፤ በሩን ዘጋሁ «ቁም!» ብዬ።
ታናሺቱ እጅጌዬን ጨምድዳ እስኪነጋ አልለቀቀችም፤
ያን በር ዛሬም እዘጋዋለሁ፤ ነፍሴ ይኽን አትክድም።

ግን ዮርቪስ ኡርዳኔታ አለ።
የሐምሌ ብርድ፣ አንድ ማኅተም የጎደለው ወረቀት።
«አያልፍም» አልሁት። ፈገግ አለ፣ ትንሽ አጎነበሰ፤
«እሺ ጌታዬ» ብሎ በመጣበት ተመለሰ።
ሌሊቱን በረግረጉ፣ በኬላው ዙሪያ ሄዶ፣
ጎህ ሲቀድ አገኘነው፣ ቅንድቡ ላይ በረዶ።
ጫማውን አውልቆ፣ ጎን ለጎን ደርድሮ፣
ቤቱ እንደገባ ሰው፣ እግሩን ዘርግቶ አድሮ።

አያልፍም ያልሁት አለፈ።
አለቃዬ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ይኽም ያልፋል» አለኝ።
ክረምቱ አለፈ፣ አለቃዬም አለፈ፣ ጡረታዬም ደረሰ፤
ያቺ ሌሊት ብቻ መዝጊያው ሥር ቆማለች፣
ይለፍ የሚመታላት አጥታ።

አምና ልጄ ዘኖቢያ ሊዝበን ላይ ወለደች፤
«አባዬ ና» ብላ ቲኬት ቆርጣ ላከች።
በስድሳ ስምንት ዓመቴ፣ ከመስኮቱ ማዶ ቆሜ፣
እንደ ማንም ተሰለፍሁ፣ ፎርም ላይ ተጽፎ ስሜ።
መኮንኗ ወጣት ናት። «ጣትዎን እዚህ ያሳርፉ» አለች።
መሣሪያው አላነበበኝም። ደገመች፣ ሠለሰች።
ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ገልጧል፣ ቀለም ዳብሷል፤
አሻራው አልቆ፣ ጣቴ የወንዝ ድንጋይ መስሏል።

«የጉዞው ዓላማ?»
መልሱን አውቀዋለሁ። የልጅ ልጅ። ሦስት ኪሎ ተኩል።
ምላሴ ግን ደረቀ፤ እጄ ኪሴ ገባ፤
የመብራት ደረሰኝ አወጣሁ፣
ከኢኪኬ ይዤው የመጣሁ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣
ዘርግቼ፣ አስተካክዬ፣ አሳየኋት።

አየችው። አየችኝ።
«ይለፉ» አለችኝ።
ከኋላዬ ያለው ሰው በሻንጣው ተረከዜን እስኪነካኝ ድረስ
አልተንቀሳቀስሁም።